«ለበጎ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። «ለበጎ ነው» የሚለውን እስቲ ፍቱልኝ። ሰው ከሥራ ተባረረ፣ ለበጎ ነው። ታመመ፣ ለበጎ ነው። ሠርጉ ተሰረዘ፣ አሁንም ለበጎ ነው። ክፉውን ጥሩ ነው ማለት ነው እንዴ? ስሰማው ደሜ ይፈላል።

መልስ፦ አልፈርድብህም። ብዙ ሰው የሚለው ሲጠፋው አፉ ላይ የሚመጣለት እሱ ነው። ግን ቃሉን ባልሠራው ወንጀል አትክሰሰው። «በጎ ነው» ብትል የሆነውን ነገር አሞገስከው። «ለበጎ ነው» ስትል ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ነው የምትናገረው፤ ክፉው ክፉነቱን እንደያዘ ነው፣ በጎ የተባለው መድረሻው ነው፣ እዚያ የሚያደርሰው ደግሞ እግዚአብሔር ነው ብሎ ያመነ ሰው ንግግር ነው። ሮሜ 8፥28 ላይም «ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ» ነው የተጻፈው። ያቺን «ለ» አትዝለላት።

ዮሴፍን ውሰድ። የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ነው ነገሩ የጀመረው፤ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞልቶታል። በመሃል ጉድጓድ፣ ባርነት፣ የሐሰት ክስ፣ እስር ቤት። በኋላ ወንድሞቹ ፊቱ ወድቀው ሲለምኑት እንዲያው አለሳልሶ አላለፈውም፤ ክፉ አስባችሁብኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው አላቸው (ዘፍጥረት 50፥20)። ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ! ደግሞ ተናጋሪው ራሱ ዮሴፍ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ያለው ሰው የለም።

ሌላ አባል፦ ጥሩ ብለሃል ወንድሜ። እኔ «ቀን»ን ልጨምርበት። ቀን ወጣለት፣ ቀን ጣለው፣ ቀን ከዳው እንላለን፤ ማግኘቱም ማጣቱም በቀን ላይ ነው የሚላከከው። ያ በፈረንጆቹ ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ታላቅ ረሃብ እንኳ ስሙ «ክፉ ቀን» ነው። ዓመታት ፈጅቶ «ቀን» ተባለ። ቀን ደግሞ ይመሻል፣ ያልፋል፤ ስም ያወጡለት ሰዎች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል። መክብብ 7፥14 ላይ «በመልካም ቀን ደስ ይበልህ፥ በክፉም ቀን ተመልከት» የሚል አለ። ተመልከት! ሁለቱንም የሠራ እግዚአብሔር ነው ይልና፣ ሰው ግን ከፊቱ ያለውን መርምሮ አይደርስበትም ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ በጨለማው ቀን ተመልከት የተባልነው ነገ የሚሆነውን እንድናውቅ አይመስለኝም። ቀኑ በማን እጅ እንዳለ እንድናይ ነው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ቃሉስ ገባኝ። ጓደኛዬ ሲቸግረው ታዲያ ምን ልበለው?

መልስ፦ «እግዜር ለበጎ ያድርገው» በለው። «ነው» ካልክ አንተ አውቀህ ጨርሰሃል፣ የቀረው የሱ መቀበል ብቻ ነው። «ያድርገው» ካልክ ግን አንተም እንደሱ እየለመንክ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ሰው ሲሾምም ሥራ ሲያገኝም ያው «ለበጎ ያድርግልህ» ነው የሚባለው፤ የሹመትስ ቢሆን መጨረሻው የት ታየና! እሱም ካልመጣልህ ዝም በል። የኢዮብ ጓደኞች 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አጠገቡ ሲቀመጡ ምንም አላጠፉም። ጣጣው የመጣው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።