ኬፕ ቨርዴና ጊኒ ቢሳው በአንድ ድርጅት ታግለው ለምን ተለያዩ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጊኒ ቢሳውና ኬፕ ቨርዴ ሁለቱም የፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች ነበሩ፤ አሚልካር ካብራልና ጓዶቹ በ1956 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመሠረቱት ፒኤአይጂሲም የሁለቱን ነጻነት በአንድነት ለማስገኘት የተነሣ ድርጅት ነበር። ይሁን እንጂ ኬፕ ቨርዴ ሥልጣን በምርጫ የሚተላለፍባት አገር ስትሆን፣ ጊኒ ቢሳው በመፈንቅለ መንግሥት ስትናጥ ኖራለች። የልዩነቱ ሥር ከቅኝ አገዛዙ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ ከተሠራው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦
እኔ ሥሩን የማገኘው ከቅኝ አገዛዙ ነው። ፖርቱጋል ሁለቱን ሕዝቦች በአንድ ሕግ አላስተዳደረችም። በጊኒ (በዛሬዋ ጊኒ ቢሳው)፣ እንደ አንጎላና ሞዛምቢክ ሁሉ፣ አብዛኛው ነዋሪ እስከ 1961 ድረስ «ኢንዲዥና» (የአገሬው ተወላጅ) በሚባል መደብ ተፈርጆ የዜግነት መብት ሲነፈገውና ለግዳጅ ሥራ ሲዳረግ፣ የኬፕ ቨርዴ ተወላጆች ከዚህ ሕግ ውጭ ነበሩ። ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በሳኦ ኒኮላው በ1866 የተከፈተው የካህናት ትምህርት ቤት ለመንግሥት ሥራ የሚበቁ ሰዎችንም ያፈራ ስለነበር፣ ሊዝበን ከደሴቶቹ የተማሩ ሰዎችን እያመጣች በጊኒ ምድር ጸሐፊና አስተዳዳሪ አድርጋ ታሠራቸው ነበር። በዚህም ምክንያት ለብዙ የጊኒ ገበሬዎች የቅኝ ገዥው እጅ ሆኖ በቅርብ የሚታያቸው ከሊዝበን የመጣ ነጭ ሳይሆን የኬፕ ቨርዴ ተወላጅ የሆነ ሹም ነበር። ካብራል ራሱ ከኬፕ ቨርዴ ወላጆች በጊኒዋ ባፋታ ከተማ በ1924 የተወለደ ነው፤ እንዲህ የተራራቁትን ሁለት ሕዝቦች በአንድ ድርጅት ለማስተሳሰር መነሣቱን እጅግ ደፋር ውሳኔ አድርጌ የማየውም ለዚህ ነው።

ሌላ መልስ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ጦርነቱ ከተዘለለ ግን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ከ1963 ጀምሮ ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል ውጊያው የተካሄደው በጊኒ ጫካና ረግረግ ብቻ ሲሆን፣ ደሴቶቹ የጦር ሜዳ አልሆኑም። በጊኒ የተዋጉት በአብዛኛው የአገሬው ገበሬዎች፣ በተለይም ባላንታ የሚባለው ብሔረሰብ አባላት ሆነው ሳለ፣ በአመራሩ ላይ የኬፕ ቨርዴ ተወላጆች ድርሻ ጎልቶ ይታይ ነበር። ይህ ቅሬታ ሳይሽር ካብራል ጃንዋሪ 20 ቀን 1973 በጎረቤቷ የጊኒ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በኮናክሪ በገዛ ድርጅቱ አባላት ተገደለ። ከነጻነት በኋላም ድሉ የእኔ ነው የሚል ጦር በቢሳው ከመንግሥቱ በላይ ሆኖ ቀረ። ኖቬምበር 14 ቀን 1980 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒኖ ቪዬራ የጊኒ ቢሳውን ፕሬዚዳንት፣ የአሚልካርን ወንድም ሉዊስ ካብራልን ሲገለብጡ የሁለቱ አገሮች የአንድነት ውጥንም አብሮ ፈረሰ፤ ኬፕ ቨርዴዎችም በቀጣዩ ዓመት የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። በማርች 2009 የጦሩ አዛዥ በቦምብ ፍንዳታ በተገደሉ በሰዓታት ውስጥ ወታደሮች ፕሬዚዳንት ቪዬራን ገደሏቸው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ኬፕ ቨርዴ በቅኝ አገዛዙ ተጠቅማለች ማለት ይቻላል?

ሦስተኛ መልስ፦
በፍጹም አይቻልም። በ1940ዎቹ ድርቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኬፕ ቨርዴዎች በረሃብ ሲያልቁ ዜግነታቸው አላዳናቸውም፤ ብዙዎችም በኮንትራት ወደ ሌላዋ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻዎች ተጭነዋል። የፖለቲካ እስረኞች የሚታጎሩበት የታራፋል እስር ቤትም የቆመው በዚያው በኬፕ ቨርዴ፣ በሳንቲያጎ ደሴት ነው። ከነጻነት በኋላም ቢሆን አገሪቱ እስከ 1990 መጨረሻ በአንድ ፓርቲ ትገዛ ነበር። እኔ ክብር የምሰጠው በ1991 ለሆነው ነው፤ ከነጻነት ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፔድሮ ፒሬስ በምርጫ ተሸንፈው ቦታውን በሰላም ለካርሎስ ቬጋ ለቀቁ። ሁለቱ በ2001 ለፕሬዚዳንትነት እንደገና ሲወዳደሩ ፒሬስ ያሸነፉት በ12 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ ውጤቱ ጸንቶ ሥልጣን ያዙ።