ለናፍጣ ሃርድቶፕ የሚታመን ምትክ ባትሪ የትኛው ነው?

ባለ ሃርድቶፕ ከፒያሳ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። ሥራዬ የጥናት ቡድኖችን ከአዲስ አበባ ወደ አፋርና ወደ ባሌ ተራሮች ማመላለስ ስለሆነ፣ መኪናው የሎጊያን ሙቀትም የሳነቴን ብርድም እየተፈራረቀ ያያል። ከተማ ሲገባ ፒያሳ ደጅ ላይ ያድራል። ከኅዳር ወዲህ ጠዋት ጠዋት መነሣት እየከበደው መጥቷል። የካንዴሌታው (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያው) መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ሞተሪኖውም (የማስነሻው ሞተር) አቃስቶ አቃስቶ ነው በመጨረሻ የሚያስነሣው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ይነሣል።

አሁን ያለው ውሃ የማይጨመርበት ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው። ከገዛሁት ሁለት ዓመት አልሞላውም። የሸጠልኝ ሱቅ የዋስትና ወረቀት ሰጥቶኝ የነበረ ቢሆንም፣ ባትሪውን ይዤ ስሄድ «መኪናው ገጠር ስለሚወጣ ዋስትናው አይመለከተውም» ብሎ መልሶኛል። ለምትክ ተክለ ሃይማኖትና ሶማሌ ተራ ዞሬ ስጠይቅ፣ አንዱ ውሃ የማይጨመርበት የኮሪያ ባለ 70፣ ሌላው ውሃ የሚጨመርበት የሕንድ ባለ 90፣ ሦስተኛው ደግሞ ዋጋው ከሁለቱም እጅግ የሚበልጥ ኤጂኤም የሚባለውን (አሲዱ በምንጣፍ ተመጥጦ የታሸገውን) ዓይነት አቅርበውልኛል። ሁሉም የየራሳቸውን ያመሰግናሉ። ከተማ ውስጥ ባትሪ ቢሞት ጎረቤት ገመድ አውጥቶ ያስነሣልኛል፤ ከሰመራ ወዲያ ግን ሰው ይዤ ነው የምሄደው፣ ስለዚህ በግምት መግዛት አልፈልግም። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የትኛው ዓይነት ይሻላል? ከ70 ወደ 90 መጨመር ዲናሞውን ይጎዳዋል የሚሉኝስ እውነት ነው? ሱቅ ውስጥ ቆሜ ባትሪው በእርግጥ አዲስ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

ኤሌክትሪሻን ከሜክሲኮ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የደከመው ባትሪው ራሱ መሆኑን ያረጋግጡ። «ባትሪ ሞተብኝ» ብለው ከሚመጡልን መካከል ጥቂት የማይባሉት ችግራቸው ሌላ ቦታ ሆኖ ይገኛል፤ አዲሱንም ባትሪ ያው ችግር ይገድለዋል።

መኪናው ካደረ በኋላ ጠዋት ቁልፍ ሳይነኩ ኮፈኑን ከፍተው በቴስተር ይለኩት። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ የቀረው ግማሽ ያህሉ ነው፤ 12 ከሆነ ደግሞ ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ቀጥሎ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እርስዎ ቴስተሩን ይመልከቱ። ሙሉ የነበረው ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ በእርግጥ ደክሟል ማለት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም መብራቱንና ማራገቢያውን አብርተው ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መካከል ከሆነ ዲናሞው ደኅና ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ቀበቶውንና ሬጉሌተሩን (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ሳያስዩ ባትሪ አይግዙ።

የሚረሳው ነገር ከኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ ነው። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያድርጉ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም መያዣው ዝጓል። የአፋር ጨውና አቧራ የገባበት መኪና ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከላይ ሲታይ ደኅና የሚመስለው ገመድ ልባሱ ሲላጥ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይራገፋል።

መኪናዎ የጂፒኤስ መከታተያ ተገጥሞለት ከሆነም ቆሞ የሚስበውን ያስለኩ። 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢስብ በቀን 1.2፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ይህም የባለ 70 ባትሪ ግማሹ ነው። መኪናው ሳይነሣ ሁለት ወር ያህል ከቆመ ባትሪው ጥፋት ሳይኖርበት ባዶ ሊሆን ነው፤ ባዶ ሆኖ የቆየ ባትሪ ደግሞ ፕሌቶቹ (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) በሰልፌት ስለሚሸፈኑ የቀድሞ አቅሙ አይመለስለትም።

አቅም መጨመር ዲናሞ ይጎዳል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ዲናሞ የሚመልሰው ከባትሪው የወጣውን ያህል ነው፤ ሞተር ለማስነሣት የሚወጣው ኃይል ደግሞ ባለ 70ም ሆነ ባለ 90 ላይ ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ባትሪው በጣም ከወረደ በኋላ ነው፤ ትልቁን ለመሙላት ረጅም ጉዞ ያስፈልጋል፣ በፒያሳና በመርካቶ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ አይሞላም። መቀመጫው ከቻለውና ገመዱ ከደረሰ ባለ 90ውን እመርጥልዎታለሁ።

ከአምፔር ሰዓቱ ይልቅ ግን ሲሲኤ የሚለውን ቁጥር ይዩ። ይህ ቁጥር ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ ቮልቱ ከ7.2 ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለውን አምፔር ይነግራል። አዲስ አበባ እንዲህ አትበርድም፤ ሆኖም አየሩ ሳስቶ ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ የናፍጣ ሞተር በመታመቅ የሚያገኘው ሙቀት ያንሳል፣ ሞተሪኖውም ረዘም ላለ ጊዜ መዞር አለበት። ለእርስዎ ሞተር ከ650 በታች ባይወርዱ ጥሩ ነው። ሁለት ባትሪ ሲያወዳድሩ መለኪያው አንድ ዓይነት መሆኑን ይመልከቱ፤ ዲን በሚባለው የጀርመን መለኪያ የተጻፈ ቁጥር ኤስኤኢ ከሚባለው የአሜሪካ መለኪያ በጣም ስለሚያንስ፣ ደኅናውን ባትሪ ደካማ ሊያስመስለው ይችላል።

የበረሃ ሾፌር፦

የኤሌክትሪሻኑ ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሙቀትና ስለ ንዝረት ነው። ብዙ ሰው ባትሪ የሚሞተው በብርድ ነው ብሎ ያምናል። ብርድ ግን አስቀድሞ የደከመውን ያጋልጣል እንጂ ዋናው ገዳይ ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል ተብሎ ይታሰባል። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመዘገበው የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ኮፈን ሥር ያለው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የእርስዎ ባትሪ የተጎዳው አፋር ላይ ሆኖ ጉዳቱ የታየው ፒያሳ ቢሆን አያስደንቅም።

ለዚህ ነው ውሃ የሚጨመርበትን የምመርጠው። ከቆላ ሲመለሱ ክዳኖቹን ከፍተው ያዩታል፣ የጎደለውን ይተካሉ። ያ ዕድል በታሸገው ባትሪ ላይ የለም። ነገር ግን የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይሁን። መንገድ ላይ ሃይላንድ ከፍተው የሚጨምሩ ሾፌሮች አሉ፤ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን ስላለበት ፕሌቱን ይጎዳል። ከዚያ የባሰው አሲድ መጨመር ነው። የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ እዚያው ይቀራል፤ በላዩ ላይ አሲድ ሲታከልበት ባትሪው ለጥቂት ቀናት የበረታ ይመስላል፣ ከዚያ ፕሌቱ ይበላል። «አሲድ ጨምርልኝ» የምትሉ ወንድሞች፣ እባካችሁ ተዉት።

ሌላው ጥቅሙ እያንዳንዱን ሴል (ከባትሪው ስድስት ክፍሎች አንዱን) ለብቻው መለካት መቻልዎ ነው። በሃይድሮሜትር (የአሲዱን ጥግግት በሚለካው መሣሪያ) ሲለካ ሙሉ የሆነ ሴል 1.27 አካባቢ ያሳያል። አምስቱ ሴሎች እዚያ አካባቢ ሆነው አንዱ ብቻ 1.20 ላይ ከቀረ፣ ባትሪው ሰሞኑን ባይሞትም በእሱ ታምኖ ከሰመራ ማለፍ አይገባም።

ስለ ንዝረቱ፣ የሞተ ባትሪ ተከፍቶ ካዩ ይገባዎታል። ከፕሌቶቹ የተራገፈው ቡናማ ጭቃ ከታች ተከማችቶ የፕሌቶቹን ጫፍ ሲነካ፣ ያ ሴል በውስጡ ተገናኝቶ ይሞታል። ኮረኮንች መንገድ ይህንን ያፋጥነዋል፤ መያዣው የላላ ባትሪ ላይ ደግሞ በጣም ያፋጥነዋል። የቱንም ባትሪ ይግዙ፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አድርገው፣ ከላይ በብረት መያዣው ሁለቱም ብሎኖች እኩል ጠብቀው ይሠሩ። በሽቦ ወይም በካላማዳሪ የታሰረ ባትሪ ይዞ ኮረኮንች መግባት ትልቅ ባትሪ ከመግዛት የሚገኘውን ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል።

ባለ መለዋወጫ ከተክለ ሃይማኖት፦

እኔ ሻጭ ነኝ፤ ስለዚህ የምለውን በዚያው ልክ ይመዝኑት። አዲስነቱን ለማወቅ መጀመሪያ የተመረተበትን ቀን ይፈልጉ። አንዳንዱ ፋብሪካ በግልጽ ይጽፈዋል፣ ሌላው በክዳኑ ወይም በምሰሶው ላይ በፊደልና በቁጥር ያትመዋል፤ ሻጩ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ፣ ማንበብ ካልቻለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ቀኑ የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ ከእኛ ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ የቆየ ባትሪ ላይ ያለው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ሲያስቡት አዲስ መስሎ ሊታይዎ ይችላል። አሲድ ተሞልቶበት የመጣ ባትሪ ከተመረተ ከስድስት ወር በላይ በመደርደሪያ ላይ ከቆየና በመካከሉ ቻርጅ ካልተደረገ እኔ ለራሴ መኪና አልወስደውም።

ከዚያ ምሰሶዎቹን በደንብ ይዩ። ተሠርቶበት የማያውቅ ባትሪ ምሰሶው ለስላሳ ነው፤ የመያዣ ጭረት ካለበት፣ ወይም በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ከመሰለ፣ ተለጣፊው ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ አሮጌ ነው። ክብደቱንም ያንሡት። የባትሪ ጉልበቱ እርሳሱ ነው፤ የእርስዎ መጠን አሲዱን ጨምሮ ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል፣ በግልጽ ቀሎ ከተገኘ ፕሌቱ ቀጭን ነው። ውሃ የሚጨመርበትን ከመረጡ ደግሞ አሲዱ ሳይሞላ የመጣውን ፈልገው በፊትዎ እንዲሞላና በዝግታ ቻርጅ እንዲደረግ ይጠይቁ፤ እንዲህ ከሆነ የመደርደሪያ ዕድሜው ብዙም አያሳስብም። ስለ ዋስትናው፣ «ገጠር የሚወጣ መኪና» የሚለው ነገር ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ በቃል ሊጨመር አይገባም። ሲገዙ ቀኑን፣ የባትሪውን ቁጥርና የመኪናውን ዓይነት በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ባለ ኤጂኤም ከካዛንቺስ፦

በአክብሮት፣ ከበረሃው ሾፌር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ኤጂኤም አሲዱ በመስታወት ቃጫ ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ ስለሚቀመጥና ፕሌቶቹ ተጠባብቀው ስለሚታሸጉ፣ ንዝረትን የሚቋቋመው ከሁሉም በተሻለ ነው። መኪና ቢጋደልም አሲድ አይፈስም፤ ፍሪጅ ወይም ዊንች ለገጠመ ሰውም ደጋግሞ መውረድን ይችላል። ንዝረት ዋናው ችግር ከሆነ ዋጋው ያዋጣል።

የበረሃ ሾፌር፦

ስለ ንዝረቱ እውነትዎን ነው። ሆኖም ኤጂኤም ከ14.8 ቮልት በላይ ከገባበትና ኮፈኑ ሥር ከጋለ ውስጡ ያለው ውሃ ይወጣል፣ የወጣውን ደግሞ መተካት አይቻልም። የአሮጌ ሃርድቶፕ ሬጉሌተር በሙቀት ጊዜ የሚልከው ቮልት ሳይለካ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለእኔ ከባድ ነው። ለሁለተኛ ባትሪ፣ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ ከኋላ ለሚቀመጥ፣ እኔም ኤጂኤም እመርጣለሁ።

ባለ ሃርድቶፕ ከፒያሳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ለካሁት። ቁልፍ ሳይነካ 12.5 አሳይቶ ሞተሪኖው ሲዞር ወደ 8.7 ወርዷል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ 14.1 ነው። የኔጋቲቩ ገመድም ደኅና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን አምኛለሁ፣ ውሃ የሚጨመርበትን ባለ 90 አሲዱ በፊቴ ተሞልቶ ለመውሰድ ወስኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ በሱቁ ያየሁት አንዱ 95ዲ31ኤል፣ ሌላው 95ዲ31አር ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ኤሌክትሪሻን ከሜክሲኮ፦

ይህ የጃፓን አጻጻፍ ነው። 95 የአቅሙ ደረጃ እንጂ አምፔር ሰዓቱ አይደለም፤ ዲ የጎኑን ስፋትና ቁመት ያመለክታል፤ 31 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ሲጠጋጋ ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው በኩል እንደሆነ ይነግራል። ተሳስተው ከወሰዱ ገመዱ አይደርስም፤ እንዲደርስ ተብሎ የተወጠረ ፖዘቲቭ ገመድ ደግሞ ኮረኮንች ላይ ከብረት ጋር ተፋትጎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የቆየውን ባትሪ ሳያወርዱ በስልክዎ ከላይ ፎቶ አንሥተው ይዘው ይሂዱ፣ ምሰሶዎቹ በዚያው አቅጣጫ የተቀመጡበትን ይውሰዱ።

ሲፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድመው፣ ሲያስሩ ኔጋቲቩን መጨረሻ ያድርጉ። መያዣው ምሰሶው ላይ አልገባ ካለ በመዶሻ አይምቱት፤ ምሰሶው ከውስጥ ከፕሌቶቹ ጋር የተገናኘበት ቦታ ይሰነጠቃል። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ መያዣውን ከፈት አድርገው ያስገቡት፣ ካጠበቁት በኋላ በእጅዎ ሲያዞሩት ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም፤ በላዩ ላይ ስስ ግራሶ ይቀቡት።