ወጣት መሪዎቻችን ከየት ይጀምሩ፦ ከዓለም ጉባኤ ወይስ ከአቃቂ ወንዝ?

ከቱሉ ዲምቱ፦
እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደው 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲሆን ተወስኗል። ጉባኤው ደጃችን ድረስ ሲመጣ የአቃቂ ቃሊቲ ወጣቶች ተመልካች ሆነው መቅረት የለባቸውም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በመድረኩ የሚናገሩልንን ወጣቶች ከወዲሁ መርጠን እናሠልጥን።

ከአቃቂ፦
የሐሳቡን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ቅደም ተከተሉን ግን እቃወማለሁ፤ ወጣቶቹ መጀመር ያለባቸው ከወንዛችን ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። በዚሁ ውኃ የለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደግሞ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት ሰጥቷል። ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደ ወጣት የትኛውም መድረክ ላይ ቢቆም የሚናገረው የራሱ ነገር ይኖረዋል፤ ያልሄደው ግን የሌሎችን ጥናት ከማንበብ አያልፍም።

ከቃሊቲ፦
በሕጉ አልከራከርዎትም፤ ሆኖም የወንዝ ብክለትና የአየር ንብረት ለውጥ አንድ ጉዳይ አይደሉም። በተጨማሪም ወንዙን ይበክላል የሚባለው ፋብሪካ የአቤቱታ አቅራቢው ወንድም ወይም ጎረቤት እንጀራ የሚበላበት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጫና በ20 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። የዓለም መድረክንም አንናቅ፤ ኡጋንዳዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴ ድምፅዋ ከአገሯ አልፎ ባይሰማ ኖሮ ስለ አፍሪካ ወጣቶች የሚጠይቅ ሰው ይበልጥ ያንስ ነበር።

ከአቃቂ፦
ናካቴ በ2019 እ.ኤ.አ. የጀመረችው እኮ ከጥቂት ዘመዶቿ ጋር በካምፓላ ጎዳና ላይ ጽሑፍ ይዛ በመቆም ነው። ጉዳዮቹ ሁለት መሆናቸው እውነት ነው፤ የሚጠይቁት ችሎታ ግን አንድ ነው፤ ማስረጃ መሰብሰብ፣ ኃላፊን በስሙ መጠየቅ፣ መልስ እስኪገኝ አለመላቀቅ። ስለ እንጀራ ያነሡት ስጋት በጣም ያሳስበኛል። ስለሆነም አቤቱታው በወጣቶች ስም ብቻ አይቅረብ፤ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙት ገበሬዎች፣ ጡረተኞችና የእድር ዳኞች ቀድመው ይፈርሙ፤ ወጣቶቹ ሥራውን ይምሩ። ልጆቻችንን ከፊት አሰልፈን እኛ ከኋላ የምንደበቅ ከሆነ መሪ ብለን መጥራታችን ትርጉም የለውም።

ከኮዬ ፈጬ፦
ለመፈረም ፈቃደኛ ነኝ። ለአቤቱታው ማስረጃ እንዲሆን የውኃው ናሙና በላቦራቶሪ የሚመረመርበት ገንዘብ ግን ከእድር ተቀማጭ ይውጣ የሚል ሐሳብ ከመጣ እቃወማለሁ፤ ገንዘቡ ለለቅሶ የተዋጣ ስለሆነ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሳይወስን ሊነካ አይገባም። ወጪውን ለብቻው እናዋጣ፤ እኔ የድርሻዬን እከፍላለሁ።