ክርክር፦ የአሳዳጊዎች ስልጠና በአማርኛ ብቻ ወይስ በየቋንቋው?

አወያይ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት እክል ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ስልጠና 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት አለው። አራዳና ልደታ ውስጥ አንድ ግቢ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛና ስልጢኛ ይሰማል። ቡድኑን በቋንቋ እንከፋፍለው?

ነርስ (ልደታ)፦ አንከፋፍል። 12 ሰው በአራት ቋንቋ ሲከፈል ሦስት ሦስት ሰው ይዘን እንቀራለን። ጎረቤትና ጎረቤት ካልተዋወቁ ስልጠናው ሲያልቅ ልጁን ለአንድ ሰዓት የሚይዝላት ማን ነው?

ሶሻል ወርከር (አራዳ)፦ ሲስተር፣ ቁጥሩ ገብቶኛል። ግን ገበያ ላይ አማርኛ የምታቀላጥፍ እናት ልጇን በአማርኛ አታባብልም። «ልጁ ያለውን ድገሚለት፣ አንድ ቃል ጨምሪበት» የሚለው ልምምድ አዳራሽ ውስጥ ተሳክቶ ቤት ሲገባ ይጠፋል። ጭራሽ «ልጁ እንዳይደናገር ቤትም አማርኛ ብቻ አውሩ» የሚል አሰልጣኝ አለ! ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም። በማይመቻት ቋንቋ የምታወራ እናት ግን ዝምታ ታበዛለች።

ነርስ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ትምህርቱ በአማርኛ፣ ልምምዱ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየቋንቋቸው ይሁን።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ተግባር ክህሎት ባለሙያ፣ ካዛንቺስ)፦ ቋንቋው ላይ ተቸነከራችሁ። «ልጁን አመስግኑ» ሲባል አንዳንዶቹ ዝም የሚሉት ዓይን ይበላዋል ብለው ነው፤ «ጎበዝ» ካሉ በኋላ «ማሻአላህ» ወይም «እግዜር ይጠብቅህ» ይጨምሩበት፣ አለቀ። ከባዱ ጉርሻ ነው። «ራሱ ይብላ» ስንል ጭካኔ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጉርሻውን አታስቀሩ፣ ከመጨረሻው ጀምሩ። እናት እንጀራውን ቆርሳ፣ አጥቅሳ፣ በልጁ ጣቶች ታስይዘው፤ እጇን በእጁ ላይ አድርጋ ከንፈሩ ጋ ስትደርስ ትልቀቀው። ያን ሲለምድ አገጩ ጋ፣ ቀጥሎ ደረቱ ጋ ትልቀቅ። መቁረስና ማጥቀስ የኋላ ኋላ ይመጣል። ሽሮው ወፈር ይበል፤ ቀጭን ወጥ ክንዱ ላይ ሲንጠባጠብ ተናዶ ይተወዋል።

ጤና ኤክስቴንሽን (አዲስ ከተማ)፦ ቀጠሮውንም እዩት። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ ነው፤ በየወሩ በ12ና በ21 ቀን ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ለሱባኤ ጠበል የሄደችን እናት «አቋረጠች» ብላችሁ አትሰርዙ። ጠበሉን አትከልክሉ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን እዚያም እንዳይቋረጥ አጥብቃችሁ ንገሩ፤ በድንገት ከቆመ የማያባራ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሶሻል ወርከር፦ ሲስተር፣ በጥንዱ እስማማለሁ። ስልጢኛ ተናጋሪዋ አንዲት ብቻ ከሆነችስ?

ነርስ፦ ያኔ የቤት ጉብኝቱ ላይ ስልጢኛ የሚችል ባለሙያ ይሂድላት። ጎረቤት አስተርጓሚ ግን አይሁን፤ የቤቷ ጉዳይ ማታውኑ ቡና ላይ ይቀርባል።