ዕቃ እንደጫንን መኪናው ሲበላሽብን የቱን በራሳችን እንጠግን?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በአነስተኛ የጭነት መኪና ለደንበኞች ዕቃ የማደርስ ሹፌር ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ቀላል ብልሽቶችን ሹፌሩ ራሱ አስተካክሎ ጉዞውን እንዲቀጥል ይፈልጋል፤ ነገር ግን «ቀላል» የሚባለው የቱ እንደሆነ በጽሑፍ አልሰጠንም። በቅርቡ ሙሉ ጭነት ይዤ ሳለ የኋላ ጎማ ተነፈሰና ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ሊያነሳልኝ አልቻለም። በሌላ ቀን ደግሞ የሙቀት መጠቆሚያው ቀዩ ላይ ሲደርስ፣ ደንበኛው እየደወለ ስለሚያጣድፈኝ፣ ቆሜ ልጠብቅ ወይስ ቀስ ብዬ ልንዳ የሚለውን መወሰን ተቸገርሁ። መንገድ ላይ የትኛውን ብነካ ይሻላል? የትኛውንስ ጨርሶ መንካት የለብኝም?

መልስ፦ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር
ክሪክ የሚሸከመው የክብደት መጠን በላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህንን መጠን ማመዛዘን ያለብዎት ከባዶው መኪና ጋር ሳይሆን ጭነቱን ከያዘው መኪና ጋር ነው። አላነሳ ካለዎት በግድ አያስጨንቁት፤ በዚያ ጎማ በኩል ያለውን ከባድ ዕቃ ያውርዱ፣ ካልተቻለም እርዳታ ይጥሩ። ለዘለቄታው ግን ድርጅትዎ ጭነቱን የሚመጥን የሃይድሮሊክ ክሪክ ሊገዛልዎት ይገባል።

ጎማ ከመቀየርዎ በፊት መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ በሰያፍ ትይዩ ባለው ጎማ ሥር ታኮ ያድርጉ፤ አፈሩ ለስላሳ ከሆነም ክሪኩ እንዳይሰምጥ ወፍራም ጣውላ ያንጥፉለት። ዳዶዎቹን ጎማው ገና መሬት እንደያዘ ግማሽ ዙር ያህል ያላሉ፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ በኃይል ሲታገሉ ከክሪኩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ሲያጠብቁ ተራ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቁ ይሁን፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም እንደገና ይፈትሹ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ግን አይግቡ።

የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ቢያንስ 30 ሜትር ወደ ኋላ ያቁሙ፤ መኪኖች በፍጥነት በሚነዱበት መንገድ ደግሞ ከዚያም ያርቁት። የተነፈሰው ጎማ መኪኖች በሚያልፉበት ጎን ከሆነና መንገዱ ጠባብ ከሆነ፣ ጎማውና ቸርኬው (ጎማውን የያዘው ብረት) ቢበላሹም እንኳ ሰፊ ቦታ እስኪያገኙ በቀስታ ይንዱ። ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ቸርኬ የለም።

መልስ፦ ከአንድ መካኒክ
ቀዩ ላይ ሲደርስ «ቀስ ብዬ ልንዳ» የሚባል ነገር የለም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሞተሩ ቴስታታ (የላይኛው ክፍሉ) ሊጣመም፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ሊቃጠል ይችላል። መቆሚያ እስኪያገኙ ድረስ የጋቢናውን አየር ማቀዝቀዣ አጥፍተው የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ከሞተሩ የተወሰነ ሙቀት ይቀንስልዎታል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የራዲያተሩ ውሃ በግፊት የታፈነ ስለሆነ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑን የከፈቱ ዕለት ግን ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ ውሃው ወዲያው ፈልቶ ፊትና እጅ ላይ ይፈነዳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦዎቹንና ቺንጋውን (የውሃ ፓምፑንና ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረውን ቀበቶ) ይመልከቱ። ከሙቀቱ ጋር የባትሪ መብራትም አብሮ በርቶ ከነበረ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ውሃ ቢጨምሩም አይፈይድም።

ፊውዝ መቀየር ቀላል ነው፤ ምትኩ የግድ እኩል አምፔር ይሁን። በተለመዱት ፊውዞች 10 አምፔር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ ነው። አዲሱም ከተቃጠለ መስመሩ ላይ ችግር አለ ማለት ነውና በሽቦ ማገናኘት እሳት መጥራት ነው። ከሌላ መኪና ባትሪ ሲያስነሱ ደግሞ የመጨረሻውን የኔጌቲቭ ጫፍ በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ያስሩ፤ ባትሪው የሚያወጣው ሃይድሮጅን በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ጥያቄውን ያቀረበው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፍሬን ፔዳሉ ቢላላብኝ ዘይት ጨምሬ እስከ ጋራዥ መድረስ እችላለሁ? ጎማ የሚደፍነው አረፋስ ይታመናል?

መልስ፦ ከመካኒኩ
ለፍሬኑ መልሴ አይሆንም ነው። ዘይቱ የጎደለው አንድ ቦታ እየፈሰሰ ወይም ሸራው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ፔዳሉ ከላላ ደግሞ አየር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ዘይት መጨመሩ ብቻውን አያጠነክረውም። በመኪና አንሺ ያስጎትቱት። አረፋው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቀዳዳ መሬት በሚነካው የጎማ ክፍል ላይ ሲሆን ይሠራል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን በአረፋ አይነዳም።

መልስ፦ ከአንዲት የስምሪት ኃላፊ
እኔ ጉዳዩን የማየው ከስምሪት በኩል ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ የነዳጅ መፍሰስና ጭስ ሹፌር ፈጽሞ የማይነካቸው መሆናቸውን ከድርጅትዎ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። መኪናው እንደቆመ መጀመሪያ ለስምሪት ይደውሉ፤ ለደንበኛው መዘግየቱን ማስረዳት የስምሪት ሥራ ነው እንጂ ዳዶ የሚፈታ ሹፌር ሥራ አይደለም። የሚበላሽ ምግብ ወይም መድኃኒት ከጫኑ ይህንኑ ወዲያው ይንገሩ፤ ዕቃውን ወደ ሌላ መኪና ማዛወሩ ጥገናውን ከመጠበቅ ሊቀድም ይችላል።

መልስ፦ መጀመሪያ ከመለሰው ሹፌር
ስለ መሣሪያ ልጨምር። የጎማ መፍቻ፣ ታኮ፣ ጣውላ፣ ፊውዝ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የባትሪ ኬብል፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪና አንጸባራቂ ሰደርያ ከጭነቱ በስተጀርባ ሳይሆን ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ይቀመጡ፤ ዕቃ ሳያወርዱ የማይደረስበት መፍቻ ለማንም አይጠቅምም። የስኮርታውንም (የተጠባባቂውን ጎማ) አየር ከሌሎቹ ጎማዎች ጋር አብረው ያስለኩ።