የማዝዳ ኤምኤክስ-5 የቴስታታ ክዳን ቡሎኖች በምን ያህል ኃይል ይጠበቃሉ?

ጥያቄ (ከደሴ)

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ እ.ኤ.አ. የ1991 ስሪት የሆነች ባለ 1.6 ሊትር ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ። ከኮምቦልቻ ተነሥቼ ሐረጎን በወጣሁ ቁጥር የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል፤ ኮፈኑን ስከፍትም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጠርዝና የሞተሩ የኋላ ጎን በዘይት ርሶ አገኘዋለሁ። ያሳየሁት መካኒክ ቡሎኖቹን ደጋግሞ ቢያጠብቃቸውም ፍሳሹ ባሰበት። አሁን በክዳኑ ሥር ዘይት እንዳያልፍ የሚደፍነውን ጋስኬት ራሴ ልቀይር ተነሥቻለሁ። ከጥገና መጽሐፍ በተገለበጠ ገጽ ላይ ለእነዚህ ቡሎኖች «43.4–78.1» የሚል ቁጥር አለ፤ የተዋስሁት ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ) ደግሞ ከ20 እስከ 150 ፉት-ፓውንድ ያነብባል። 60 ላይ አድርጌ ላጥብቅ? ቅደም ተከተሉስ እንዴት ነው?

መልስ (መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ፣ ነገር ግን ያንን ሬንች ለባለቤቱ መልስለት። ገጹ ላይ ያየኸው ቁጥር በኢንች-ፓውንድ የተጻፈ ነው። አንድ ፉት-ፓውንድ 12 ኢንች-ፓውንድ ስለሆነ መጽሐፉ የሚፈልገው ከ3.6 እስከ 6.5 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.9 እስከ 8.8 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ይኸው ልክ በኪሎግራም-ሴንቲሜትር ሲጻፍ «50–90» ስለሚሆን፣ እርሱንም በሌላ ገጽ ብታገኘው በኒውተን ሜትር እንዳታነብበው። 60 ፉት-ፓውንድ ከ81 ኒውተን ሜትር በላይ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን በዚህ ኃይል ወይ ይበጠሳል፣ ወይ የቴስታታውን የአሉሚኒየም ጥርስ ይዞ ይወጣል። የሬንችህ የመጨረሻ ዝቅተኛ ልክ እንኳን ከሚፈለገው በሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የሚያነብብ ትንሽ ሬንች ፈልግ። ካጣህ ባለ 10 ቁጥር ቡሶላ በአጭር እጀታ ላይ ሰክተህ ሥራ፤ እጀታው 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ የምታሳርፈው ክብደት 7 ኪሎ ቢደርስ በቂ ነው። ረጅም እጀታ ግን ሳይታወቅህ ከልክ ያሳልፍሃል።

ሥራውን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጀምር። የድሮውን ጎማና ሲሊኮን ብረት በማይጭር ነገር አንሣ፤ የቡሎን ጉድጓዶቹንም ከዘይት አድርቅ፤ ምክንያቱም በደፈን (ታቹ ባልተበሳ) ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ዘይት ቡሎኑ ሳይጠብቅ የጠበቀ ያስመስላል፣ ሲብስም አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል። ጎማው በክዳኑ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን በትክክል መግባቱን፣ በተለይም በካንዴላዎቹ ጉድጓዶች ዙሪያ ያለውን፣ በጣትህ እየዳሰስህ አረጋግጥ። ከዚያ ሁሉንም ቡሎኖች በእጅ ብቻ አስገባቸው፤ በእጅ አልገባም የሚል ቢኖር በመፍቻ አታስገድደው። ከመሐል ጀምረህ ግራና ቀኝ እያፈራረቅህ ወደ ዳር ውጣ፤ በመጀመሪያው ዙር በእጅ ስሜት ላላ አድርገህ፣ በሁለተኛው በ5 ኒውተን ሜትር፣ በመጨረሻው በ8 አጥብቅ።

መልስ (አዛውንት የጋራዥ ባለሙያ፣ ከደሴ)

ልጄ፣ እኛ በፊያት ዘመን ይህን ሥራ ስንሠራ ጋስኬቱን ከሁለቱም ወገን ሲሊኮን ቀብተን እናስቀምጥ ነበር። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ቡሎኖቹን አንድ ዙር ደግመን እናጠብቃለን። ይህን ካላደረግህ ማፍሰሱ አይቀርም።

መልስ (ከወልድያ)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልማድ ለቡሽ ጋስኬትና ለቆርቆሮ ክዳን ትክክል ነው፤ ቡሽ ሲሞቅ ስለሚረግብ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልገዋል። የዚህች መኪና ክዳን ግን ቀልጦ የተቀዳ አሉሚኒየም ነው፤ ጋስኬቱም ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ ጎማ ስለሆነ ጎማው አንዴ በልኩ ከተጫነ በኋላ የሚጨመረው ኃይል ጎማውን ከቦዩ ከማስወጣትና ክዳኑን ከማጉበጥ በቀር የሚፈይደው የለም። የጠያቂው መካኒክ ባጠበቀ ቁጥር ፍሳሹ የባሰውም በዚሁ ይመስለኛል። ሲሊኮን የሚያስፈልገው የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የጫፍ መያዣዎች ከቴስታታው ጋር በሚገናኙባቸው ጥጎች ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ትንሽ ጠብታ ይበቃል። ዙሪያውን ከተቀባ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ እየተላጠ በዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ ይከማቻል።

ጠያቂው የሞተሩ የኋላ ጎን ርሷል ማለቱን ግን ሁላችንም አለፍነው። በዚህ ሞተር የኋላ ጫፍ ላይ የካምሻፍቱን አቀማመጥ የሚያነብብ ሴንሰር አለ፤ እርሱን የሚደፍነው ክብ ጎማ በዕድሜ ሲደርቅ የሚወጣው ዘይት ከክዳኑ የመጣ ይመስላል። ብዙ ሰው ክዳኑን ደጋግሞ የሚፈታው ይህን ሳያይ ነው። አካባቢውን በደንብ አጥበህ፣ ትንሽ ነድተህ፣ ዘይቱ ከየት እንደሚጀምር በባትሪ ተመልከት። ሴንሰሩን የምትፈታ ከሆነ አስቀድመህ አቀማመጡን በቀለም ምልክት አድርግ፤ ትንሽ ከዞረ የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡበት ጊዜ) ይዛባል።

ሽታው ሐረጎ ላይ መባሱም ምክንያት አለው። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ነዳጅ እየተረገጠ ሲወጣ በፒስተኖቹ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባው ጋዝ ይበዛል፣ ጋዙን ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ የሚስበው ኃይል ደግሞ ይቀንሳል። ክዳኑ ላይ ያለው የመተንፈሻ ቫልቭ ወይም ሁለተኛው ቱቦ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በጋስኬቱ በኩል ይገፋዋል። ቫልቩን አውጥተህ ነቅንቀው፤ ውስጡ ካልተንኳኳ ቀይረው።

ጥያቄ (ጠያቂው በድጋሚ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክዳኑን ስፈታ አንዱ ቡሎን ያለ መቋቋም ይዞር ነበር፤ ሲወጣ በጥርሱ መካከል የአሉሚኒየም ብናኝ ይዟል። በተጨማሪም የገዛሁት ጋስኬት የማዝዳ 323 ሲሆን፣ ባለሱቁ ሞተሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገጥማል ብሎኛል።

መልስ (መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ)

ባለ አንድ ካምሻፍት 323 የሞተሩ ስም ቢመሳሰልም ቴስታታው የተለየ ስለሆነ ጋስኬቱ አይገጥምም፤ ሳትጠቀምበት መልሰውና ባለ ሁለት ካምሻፍቱን ጠይቅ። የተበላውን ጉድጓድ በተመለከተ ወፈር ያለ ቡሎን በግድ እንዳታስገባ። ቶርኖ ቤት ለኤም6 ባለ 1 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚሆን የጥርስ ማደሻ ጥቅል ሽቦ ያስገቡልሃል፤ ከመብሳታቸው በፊት ግን በካምሻፍቶቹ ዙሪያ ያለውን ክፍት ቦታ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ድፈን፤ መሰርሰሪያውንም ቅባት ቀብተው ብናኙ እንዲጣበቅበት ያድርጉ። ዳር ላይ ያለ ጉድጓድ ከሆነ ያለ ቡሎን እነዳለሁ ብለህ አታስብ፤ የሚያፈስሰው ዘይት የጋለ የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ላይ ካረፈ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።