«አይተው ይፍረዱ» ማለት ምን ማለት ነው?

የቱሉ ዲምቱ እናት፦ ቅዳሜ የወላጅ ስብሰባ ላይ የሒሳብ መምህሯ የተናገሩት እንቅልፍ ነሳኝ። «ልጆቹ ሁሉን ነገር ማባዛት የለባቸውም፣ አይተው ይፍረዱ» አሉ። ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ «34×27 እና 36×25፣ የትኛው ይበልጣል?» ይላል። ማባዛት ክልክል ነው። ይሄ በዓይን የሚታይ ነገር ነው እንዴ?

ጡረተኛው፦ እውነትሽን ነው ልጄ። እኛ ቁልቁል ጽፈን ነው የተማርነው። 7 ጊዜ 4 28፣ 8 ጽፈን 2 በእጃችን። ዛሬም አልረሳሁትም።

የኮዬ ፈጬ መምህርት፦ የባልደረባዬን ቃል በግማሹ አትውሰዱት። 34 እና 27 ሲደመሩ 61፣ 36 እና 25ም 61። ድምራቸው እኩል ከሆነ የተቀራረቡት ብዜት ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ በ7፣ ሁለተኛዎቹ በ11 ይራራቃሉ። አባዙት፦ 918 እና 900።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦ መምህርት፣ ይሄ እኮ መደመርና መቀነስ ነው! «አይተው» የተባለውስ የት አለ? ልጄ 36ን አይታ «ሁለተኛው» ብላ ጻፈች። አይታ ፈረደች፣ ተሳሳተች።

ባለ ሱቁ፦ እኔ በመምህሯ እስማማለሁ። 48 ሳሙና በ25 ብር ስሸጥ ወረቀት አልፈልግም። አንዱን በግማሽ፣ ሌላውን እጥፍ። 24 በ50፣ 12 በ100፣ 1200 ብር። ብዜቱ አይለወጥም። ልጆቼንም ያስተማርኳቸው ይሄንን ነው።

ጡረተኛው፦ አንተ ማባዛቱን ከቻልክ በኋላ ነው አቋራጩን ያገኘኸው። ልጅን መሠረት ሳይጣል ጣሪያ ላይ አታውጣው።

የኮዬ ፈጬ መምህርት፦ አባባ፣ የ6ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። ሰዓቱ አይበቃም። ግምት የሚችል ልጅ የማይሆነውን መልስ ቶሎ ይጥላል።

ጡረተኛው፦ ግምት! እንግዲህ ቃሉ ወጣ። ሒሳብ በግምት?

የኮዬ ፈጬ መምህርት፦ 39×41 ከ1600 አካባቢ እንደማይርቅ ማወቅ ማጭበርበር አይደለም። አባዝቶ 15,990 የሚጽፍ ተማሪ አለኝ። ስህተቱን የሚያሳየው ግምቱ ነው።

ባለ ሱቁ፦ ችግሩ ወላጅ ነው። የቤት ሥራውን እናት ትሠራዋለች።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦ ወንድሜ፣ ከሥራ የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። መብራት ካለ አብሬያት እቀመጣለሁ። የቤት ሥራዋን ሠርቼላት አላውቅም፣ ይህን ቃል መልሰው።

ባለ ሱቁ፦ አንቺን አላልኩም እህቴ።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦ «እናት» አልክ እኮ።

የኮዬ ፈጬ መምህርት፦ እህቴ፣ መምህሯን ራሳቸውን ብትጠይቂያቸው ይሻላል።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦ እጠይቃለሁ። ልጄ ግን ሁለቱንም አባዝታ፣ 918 ብላ ጽፋ ነገ ታስረክባለች። ኤክስ ካገኘች ደብተሯን ይዤ እሄዳለሁ።